ኬሚስትሪ ላይ ኤአይ ይጠይቅ እንጂ አይመልስ

ጥያቄ ሲጽፉለት የሚመልሰው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ቻትጂፒቲ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ «የቤት ሥራ ነገር አበቃለት» የሚሉ መምህራን ብዙ ናቸው። እውነት አላቸው። ተማሪው ጥያቄውን ይጽፋል፣ መልሱ በሰከንድ ይመጣል፣ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ አለቀ። ግን እኮ ኬሚስትሪን ድሮም ከሰሌዳ በመገልበጥ ነው የተማርነው። ሊትመስን (አሲድና ቤዝ መለያውን ወረቀት) በዓይኑ ሳያይ «አሲድ ሰማያዊ ሊትመስን ቀይ ያደርጋል» ብሎ ሸምድዶ የተፈተነ ስንቱ ነው!

መጠየቅና መመርመር ውድ ዕቃ አይፈልግም። ካርካዴ አፍሉና በሦስት ብርጭቆ ቅዱት። አንዱን እንዳለ ተዉት፣ አንዱ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ሦስተኛው ላይ የተጣራ የአመድ ውሃ ጨምሩ። አሲዱ ሎሚ የገባበት ቅላቱ ይደምቃል፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ፣ ማለትም አመዱ፣ ያለበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሁን አንድ ልጅ «አመዱ ላይ ሎሚ ብንደግምበትስ?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ኤአይ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው፣ ያውም ታዝዞ። «ቀለሙ ለምን ተቀየረ?» ብትሉት ካርካዴን ስለሚያቀላው ንጥረ ነገር፣ ስለ አንቶሲያኒን፣ ሁሉንም ዘርግፎ የልጁን ሐሳብ ገና ሳይፀነስ ይገድለዋል። «መልሱን እንዳትነግረኝ፤ መጀመሪያ ግምቴን ጠይቀኝ፣ ከዚያ ያየሁትን፣ ከዚያ ለምን ይመስልሃል በለኝ» በሉት። ያኔ ሌላ ነገር ይሆናል። ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሐሳብ እያለው ቋንቋው አንቆት ዝም የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ፤ እሱ ግምቱን በአማርኛ ጽፎ ከኤአይ ጋር መከራከር መቻሉ ብቻ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ልጆቹን ብቻቸውን ከማሽኑ ጋር መተው ግን አይሆንም። ኤአይ ሲሳሳትም እርግጠኛ ሆኖ ነው፤ ያልተመጣጠነ ኢኩዌሽን (የአተሞቹ ቁጥር ግራና ቀኝ እኩል ያልሆነ የኬሚካል ቀመር) «ትክክል ነው» ብሎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። በሙከራው የጓጓ ልጅ ቤት ገብቶ በረኪናን ከአሲድ ጋር ቢደባልቅ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ የትኛውም ሙከራ በመምህሩ ዓይን ሳያልፍ አይሞከር።

«ኢንተርኔት የታለና?» ለሚሉኝ፦ ለጊዜው የመምህሩ ስልክ ይበቃል። ማታ ቤቱ ሆኖ ኤአይን «ስለ አሲድና ቤዝ ተማሪዎቼ በተለምዶ የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው? የሚያከራክሩ አምስት ጥያቄዎች አውጣልኝ» ይበለው፣ የማይረባውን ይጣል፣ የተረፈውን ጠዋት ከካርካዴው ጋር ይዞ ክፍል ይግባ።