ጃይሳልመርን «ጠፍ» ያላት ማነው?

የሕንድን ካርታ ዘርግታችሁ ምዕራቡን ጫፍ፣ የፓኪስታንን ድንበር ተከትላችሁ እዩ። ታር የሚባለው በረሃ እዚያ ነው። ከሱም ትልቁን ቁራሽ ከያዙት አንዷ ጃይሳልመር ናት፤ በራጃስታን ግዛት በስፋት አንደኛዋ። «ወረዳ» ብዬ ልተረጉማት አስቤ ተውኩት። 38,401 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንዴት ወረዳ ይባላል? ስዊዘርላንድን ልታክል ምንም አልቀራትም። አውራጃ ብንላት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የተገኘው ሕዝብ 670 ሺህ ገደማ ነበር። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 17 ሰው መሆኑ ነው። ሩቅ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ይህን ቁጥር የሚያነብ ሰው «ማንም የለም» ብሎ ያልፋል። የኔ ጠብ ከዚህ አነባበብ ጋር ነው።

ባዶ የሚመስለው መሬት ድሮ የሰው መተላለፊያ ነበር። የአውራጃዋን ስም የያዘችውን ጃይሳልመር ከተማን በ1156 የቆረቆረው ራዋል ጃይሳል የሚባል የባቲ ጎሣ ገዢ ነው። ሎዱርቫ የተባለውን የቀድሞ መናገሻ ትቶ፣ ብቻውን ከቆመ ኮረብታ ላይ ምሽጉን ሠራ። ሕዝብ ዛሬም ውስጡ ይኖራል። ድንጋዩ ቢጫ ስለሆነ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወርቅ ይመስላል። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከግመል ቅፍለት ነበር። ዛሬ በፓኪስታን ወዳለው ሲንድና ከዚያም ወዲያ የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ እዚያ ያርፋል፣ ቀረጥ ይከፍላል። የፓትዋ ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቧቸው አምስት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። ድንጋዩን እንደ ጥልፍ ነው የፈለፈሉት። ኋላ ንግዱን የቦምቤይ ወደብ ወሰደው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ደግሞ የቀረው መንገድም ተዘጋ። የመንገድ መሃል የነበረች ከተማ የመንገድ መጨረሻ ሆና ቀረች። በ1949 ጃይሳልመር ከራጃስታን ጋር ተዋሐደች።

ይህን ታሪክ ማንኛውም አስጎብኚ ይነግራችኋል። ኩልዳራ የምትባል ሰው አልባ መንደርም ይወስዳችኋል። ፓሊዋል የሚባሉ ብራህሚኖች (የሂንዱ ካህናት ወገን) በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥለዋት የሄዱ መንደር ናት። ግፈኛ ባለሥልጣን አስመርሯቸው በአንድ ሌሊት ጠፉ፣ ረግመዋት ስለሄዱ መናፍስት አለባት ይባላል። ወሬው ቱሪስት ይስባል። እኔን የሚቆጨኝ፣ እነዚያው ሰዎች የተዉት ትልቁ ነገር ሳይወራ መቅረቱ ነው።

እሱም ካዲን ነው። እዚያ በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፓሊዋሎቹ ያስተዋሉት፣ ዝናቡ ትንሽ ቢሆንም ድንጋያማው ከፍታ ላይ ሲወርድ ወደ ውስጥ እንደማይሰርግ ነው። ተንደርድሮ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ይወርዳል። ስለዚህ ከታች በኩል ረጅም የአፈር ግድብ ይሠራሉ። ጎርፉ እዚያ ይተኛል፤ የተረፈው በማስተንፈሻ ያልፋል። የተኛው ውሃ ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይገባል፤ ደለሉ መሬቱን ያዳብራል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጎድል በእርጥበቱ ላይ ስንዴና ሽምብራ ይዘራሉ። ከዚያ በኋላ ጠብታ አይጨመርበትም። ስንዴ፣ በዚያ በረሃ! ዛሬም በካዲን የሚያርሱ አሉ።

እና እንዲህ ዓይነት አገር «ጠፍ» የተባለው እንዴት ነው? መልሱ ያለው የመሬት መዝገቡ ውስጥ ነው።

የአውራጃው ሹም ኮሌክተር ይባላል፤ ሰብሳቢ ማለት ነው። ስሙ ከእንግሊዝ ዘመን የመጣ ነው፤ ያኔ የሥራው ዋና ነገር የመሬት ግብር መሰብሰብ ነበር። ከሱ ሥር ቴህሲል የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ ከታች ደግሞ ፓትዋሪ የሚባለው ጸሐፊ የየመንደሩን መሬት ይመዘግባል። ግብር የሚገኘው ከሚታረስ መሬት ነው። በዚህ ዓይን ያልታረሰ ሁሉ ከጠፍ ይቆጠራል፤ ጠፍ ደግሞ የመንግሥት ነው።

ኦራን የሚባሉት ቦታዎች የተጎዱት እዚህ ላይ ነው። ኦራን በአምላክ ስም የተከለለ የጋራ መሬት ነው። ዛፍ አይቆረጥበትም፣ አይታረስም። ግመሉ፣ በጉና ላሙ ይግጥበታል፤ ኩሬና ጉድጓድም አለው። ሕዝቡ ለብዙ ትውልድ ሳያርስ ስለጠበቀው ብቻ ብዙው በመዝገብ ላይ የመንግሥት ጠፍ መሬት ሆኖ ቁጭ አለ። እንግዲህ ካልጠበቁት ይጠፋል፣ ከጠበቁት ይወሰዳል።

«ባዶ» ለተባለ ቦታ ፈላጊ አይጠፋም። ሕንድ በ1974 የመጀመሪያውን የኑክሌር ሙከራ ያደረገችው በዚችው አውራጃ፣ ፖክራን አጠገብ ነው። በ1998 ደግማ እዚያው መጣች። ኬቶላይን የመሰሉ መንደሮች ግን ከዚያ ብዙም አይርቁም። አሁን ደግሞ ተራው የነፋስና የፀሐይ ኃይል ሆኗል። በነፋስ ብቻ ከ1,000 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጩ ተርባይኖች ተተክለዋል።

የፀሐይ ኃይልን አልቃወምም። የድንጋይ ከሰል ጭስ ከዚህ የከፋ ነው። ግን ኩባንያው መሬት ሲመራ፣ ከብቱ ኦራን ላይ የሚያድርበትን ሰው ማንም አይጠይቅም። ሰዎቹ ሰልፍ ወጥተዋል፣ በእግር ተጉዘው አቤት ብለዋል።

ሰው ባይታይ ወፉ ይታይ ነበር። ጎዳዋን ይሉታል፤ የራጃስታን አርማ ነው፤ እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን፣ መሬት ለመሬት የሚራመድ ትልቅ ወፍ። የቀረው ከ150 አይበልጥም ይባላል፤ አብዛኛውም ያለው ጃይሳልመር ነው። ፊት ለፊቱን በደንብ ስለማያይ ሲበር የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተጋጭቶ ይሞታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ሽቦው በመሬት ውስጥ ይቀበር አለ። በመጋቢት 2024 ግን ለታዳሽ ኃይሉም ይታሰብ ብሎ ትእዛዙን አላላው፤ ነገሩንም ለባለሙያዎች ኮሚቴ ሰጠ። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። ቢሆንም ሽቦው የሚዘረጋበት መሬት መጀመሪያውኑ «ጠፍ» ባይባል ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

«ልማት ካልመጣ በረሃው ምን ያበላል?» የሚሉኝ አሉ። መጥቷል እኮ። በ1958 የተጀመረው የኢንዲራ ጋንዲ ቦይ ከፑንጃብ ወንዞች ውሃ ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጃይሳልመር ደርሷል። የሚጠጣ ውሃ ሰጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። በመንገዱ ላይ ግን በየቦታው መሬቱ ውሃ አቁሮ ጨው አውጥቷል። ምሽጉም እንዲሁ ነው። ቧንቧ ገባለት፣ መውረጃው ግን አልታሰበበትም፤ ውሃው ወደ መሠረቱ ሰርጎ አንዳንድ ግንቦች ተናዱ። በረሃ ውስጥ ያለ ምሽግ በውሃ ብዛት ሲፈርስ አስቡት። ካዲን የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ማስተንፈሻው ነበር።

በታኅሣሥ 2024 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የራጃስታን መንግሥት ኦራኖችን በካርታ ለይቶ እንደ ደን እንዲመዘግባቸው አዟል። ጥሩ ነው። የምፈራው ሥራው ከዚያው ከአሮጌው መዝገብ እንዳይጀመር ነው። ወሰኑን የሚያውቁት እረኞች ናቸው፤ የቱ ዛፍ ጋ ጀምሮ የቱ ድንጋይ ጋ እንደሚያበቃ ይነግሯችኋል። ቀያሹ መጀመሪያ እነሱን ይዞ መሬቱን በእግሩ ይዙር። ቅየሳው እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ሕዝቡ ኦራን የሚለው ቦታ ለማንም ኩባንያ አይመራ።