«ቀፎማ ቤቴ ሞልቷል»

ክርክሩ የተነሳው ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ከሐይቅ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ስልክ ሊገዙ ገብተው ዋጋ ቢጠይቁ፣ ጠጋኙ ወጣት «ቀፎውን ብቻ ነው ወይስ ከነሲም ካርዱ?» አላቸው። አዛውንቱ ንብ አርቢ ናቸው። «ቀፎማ ቤቴ ሞልቷል ልጄ፤ እኔ የምፈልገው ስልክ ነው» አሉት። ወጣቱ ወደ ባልደረባው ዞር ብሎ «ባላገር ናቸው፣ ተዋቸው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ሁላችንም ሰምተነዋል።

ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ያንገበገባቸው ግን ቀፎው ነው። «ቋንቋችንን አበላሻችሁት እኮ! ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ በእበት ተለስኖ፣ በጭስ ታጥኖ ዛፍ ላይ የሚሰቀል የንብ ቤት በምን ሒሳብ ስልክ ይሆናል?»

«ጋሼ፣ ንብ ያልገባበት ቀፎ ባዶ ዕቃ አይደል? ይህም ሲም ካርድ እስኪገባበት ባዶ ነው» አለ ወጣቱ።

በልጅነታቸው ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ሆነው ኪታብ ያጠኑ አንድ ነጋዴ አገዙት። «መምህር፣ ስልክ የሚለውስ? በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ይኸው ሽቦ የሌለውን ኪሳችን ይዘን ስልክ እንላለን። አብሽርም እንዲሁ ነው። በዓረብኛ ‹የምሥራች፣ ደስ ይበልህ› ነው፤ እዚህ ወሎ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተጨነቀ ሰው ሲያይ አይዞህ ለማለት አብሽር ይላል። ይህም ተበላሸ ሊሉኝ ነው?»

መምህሩ አልተረቱም። «እኔ የምለው የራሳችንን ነው። ወይዘሮን ተመልከቱ። የመሳፍንትና የመኳንንት ልጅ መጠሪያ ነበር። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው። ዛሬ ያገባች ሁሉ ወይዘሮ ናት።»

በሩ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ስኒ ይዛ ስትገባ ይህን ሰማች። «ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ወይዘሮ መባሌ እሳቸውን ምን ጎዳቸው?»

«እሱስ ምንም» አሉ መምህሩ ስኒውን እየተቀበሉ። ነጋዴውም በዚያው ቀጠሉ። ቀበሌ ድሮ ሰፈርና አካባቢ ነበር፤ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ነው ማኅበርና ጽሕፈት ቤት የሆነው። «አሁን ‹ቀበሌ ተዘግቷል› እንላለን። ሰፈር ይዘጋል?»

መምህሩ የመጨረሻውን አወጡ። «ጨዋስ? በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የንጉሡ ሠራዊት ነበር። በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ያልተማረ ማለት ነው። ልጃችንን ‹ጨዋ ሁን› ስንል የትኛውን ሁን ማለታችን ነው?»

«ሦስተኛውን ነዋ! ልጁም አልተሳሳተም» አሉ ነጋዴው።

እስከዚያ ያዳምጡ የነበሩት አዛውንት ይህን ጊዜ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ቅድም ባላገር ብለኸኛል። ባለ አገር፣ አገር ያለው ማለት እኮ ነው። ስድብ የሆነው መቼ ነው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ አባባ፣ እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ። አዛውንቱም ነገሩን አላከረሩትም፤ ስልካቸውን ገዝተው፣ ቁጥራቸውን አስሞልተው ወጡ።

እኔ በቀፎው ከወጣቱ ጋር ነኝ። ቃል አዲስ ሥራ ቢደረብለት አሮጌውን አይጥልም፤ የሐይቅ ንብ አርቢ ነገም ቀፎውን ቀፎ ብሎ ይሰቅላል። ወይዘሮ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በጀበና የምታድረውን ሴት ማክበሩ ደግሞ እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ መምህሩ እንደ ጥፋት መቁጠራቸው አሳዝኖኛል። ባላገር ግን የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። መሬቱ ላይ ተወልዶ፣ ግብሩን ገብሮ፣ ከተማውን ቀልቦ የኖረውን ገበሬ የክብር ስም ወስደን አላዋቂ ለማለት አዋልነው። ይህን ዘመን አላመጣውም፤ ያመጣነው እኛ የከተማ ሰዎች ነን፣ በንቀታችን። ጤፉንና ማሩን ከእጁ እየተቀበልን ስሙን መሳደቢያ ማድረጋችን ያሳፍረኛል። መምህሩ ያን ሁሉ ቁጣ ለቀፎ ከሚያወጡት ወጣቱ «ባላገር ናቸው» ባለባት ቅጽበት ቢያወጡት ኖሮ እኔም አብሬያቸው እቆጣ ነበር።