ጌሾው ልኩን አግኝቷል

ሰሞኑን ስለ ጋዜጣ የተጻፈ ልቦለድ እያነበብሁ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ደንበኛ ከሆንሁባት ጠላ ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ። ቦታው ለርእሱ ይስማማል። ጭቃው እንዳይረግፍ ግድግዳው ድሮ በ«አዲስ ዘመን» ተለብጧል። በ1933 የተመሠረተ አንጋፋ ጋዜጣ እዚህ ግማሹ ተዘቅዝቆ ጭስ ይጠጣል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ዘጋቢ ፋብሪካ ዝቃጩን ወንዝ ውስጥ እንደሚደፋ ደርሶበት ይጽፋል። ፋብሪካው ደግሞ በየሳምንቱ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ያወጣል። ጋዜጣ ከአንባቢ የሚያገኘው ሳንቲም የማተሚያውን ዋጋ እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነፍሱን የሚያቆያት ማስታወቂያ ነው። ባለቤቱ ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ዘጋቢው ጠረጴዛ ደበደበ። እኔም መደቡን ደበደብሁ።

«ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ የቤቱ እመቤት። ነገርኋቸው።

«ጋዜጣውን የሚያበላው ማን ነው?»

«ፋብሪካው ነዋ፣ እትዬ።»

«ታዲያ በበላበት አፉ ምን እንዲል ኖሯል?»

ነደደኝ። «ድሮ ነገሥታቱ ‹እረኛ ምን አለ?› እያሉ ያስጠይቁ የነበረው ለምን ይመስልዎታል? እረኛ ማስታወቂያ አይቀበል! የማንንም ጠላ በዱቤ አይጠጣ!»

«ዱቤ» የምትለዋ ቃል ሳላስባት አመለጠችኝ። ከበሩ ጀርባ በከሰል የተሰመሩት አሥራ አንድ ሰረዞች የእኔ ናቸው።

እትዬ ምንም አላሉም። ከአዲሱ ጋን ቀድተው ጣሳዬን ሞሉልኝና «እስቲ ቅመሰው» አሉ። ደጅ፣ በእንጨት ላይ የተደፋውን ጣሳ አይተው የቆሙ ሁለት ገበያተኞች እንግባ አንግባ ይባባላሉ። «ወንድም ዓለም፣ ጠላው እንዴት ነው?» አለ አንደኛው።

ተጎነጨሁ። ኮምጥጧል። ያጋነንሁ እንዳይመስላችሁ፤ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

«ጌሾው ልኩን አግኝቷል» አልሁ።

ውሸት አይደለም፤ ስለ ጌሾው ማንም ሊከራከረኝ አይችልም። ስለ ብቅሉ ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚገባ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ገበያተኞቹ አህያቸውን አስረው ገቡ፣ አዘዙ፣ ተጎነጩ። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

መጽሐፌ ላይ አቀረቀርሁ። ዘጋቢው የሥራ መልቀቂያውን እየጻፈ ነው። እትዬ ቀስ ብለው ከበሩ ጀርባ ሄዱና፣ አንዷን ሰረዝ በአውራ ጣታቸው አበሱልኝ።