ዳኛው ሲሾም የት ነበራችሁ?

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን በአዲስ አበባ ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። የመሬት፣ የካሳ፣ የቤትና የውርስ ክርክር አብልጦ የሚያንገላታው እናንተን ነው። ፋይላችሁ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ዞሮ የመጨረሻ ውሳኔን የሕግ ስህተት በሚያርመው ችሎት፣ በሰበር ላይ ሲዘጋባችሁ «ግድ የለም፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አለ፤ ዋናው ዳኛ ያየዋል» ትላላችሁ። በዚህ ተስፋ ስንቱ ላሙን ሸጦ ለጉዳይ አስፈጻሚ ከፈለ! የምቆጣችሁ ተስፋ ስላደረጋችሁ አይደለም። ተስፋ የጣላችሁበት ሰው በማን እንደሚሾም፣ ምን ሥልጣን እንዳለውና ምን እንደሌለው ሳትጠይቁ ስለምትቀመጡ ነው።

በአገራችን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚባል ተቋም የለም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመተርጎሙን ሥልጣን በአንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። በዚያ የሚቀመጡት ዳኞች አይደሉም፤ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ናቸው። የሕግ ምርመራውን የሚሠራለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። አንቀጽ 82 የጉባኤውን አባላት 11 ያደርጋቸዋል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሰብሳቢ፣ ምክትሉ ምክትል ሰብሳቢ፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሚሾሙ 6 የሕግ ባለሙያዎች፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከራሱ አባላት የሚወክላቸው 3 ሰዎች። ሌላ አገር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አንድ ላይ ይዞት የሚገኘው ሥራ እኛ ዘንድ ተከፍሏል። ጉባኤው መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል የምክር ቤቱ ነው፤ ምክር ቤቱም የቀረበለትን በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ ያዝዛል።

እናንተ ግን ዛሬም ዙፋን ችሎት የምትቆሙ ይመስላችኋል። በፍርድ ቤት ደጅ ጥላ ዘርግቶ ኮምፒዩተር ይዞ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ የሚያዘጋጅላችሁን ማመልከቻ አንብቡት። «ለክቡር ፕሬዚዳንት» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ልጆቻችሁ ብዛት፣ ስለ ሕመማችሁ፣ ስለ ክቡርነታቸው አዛኝነት ይተርካል፤ መጨረሻ ላይ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ስለተጣሰ» የሚል አንድ መስመር ይጣልበታል። የትኛው አንቀጽ? አልተጻፈም። በየትኛው ውሳኔ ወይም ሕግ ተጣሰ? አልተጻፈም። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያነብ መርማሪ ልቡ ቢራራም እጁ ባዶ ነው። ሰብሳቢው ከ11 አንዱ ናቸው፤ ብቻቸውን ሊምሯችሁም ሊፈርዱላችሁም አይችሉም። አማላጅ ፈልጋችሁ ቤታቸው ብትልኩ ደግሞ ያበላሻችሁት የራሳችሁን ጉዳይ ነው።

ይህን ስል ሹመቱ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የጉባኤው ሰብሳቢ የሆነው ያው ሰው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን ይመራል፤ ዳኞች የሚመለመሉበትንና በዲሲፕሊን የሚጠየቁበትን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤም ይሰበስባል። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ጉዳዩ ወደ አጣሪ ጉባኤው ተመርቶ፣ የሕግ ምሁራን በቴሌቪዥን ፊት ሲጠየቁ አይታችኋል። ጥያቄውን ማን እንደሚያቀና፣ ለማን ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ፣ ክርክሩ ከጭብጡ ሲወጣ ማን እንደሚመልሰው ያኔ በግልጽ ታይቷል። የሰብሳቢ ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሹመቱ እንምጣ፤ ዋናው ጥፋታችሁ እዚህ ነውና። አንቀጽ 81 ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች መጀመሪያ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል፤ ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያሾማል። ለፕሬዚዳንቱና ለምክትሉ ግን ሕገ መንግሥቱ ያንን የመጀመሪያ ወንፊት አላስቀመጠም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። ስለዚህ ለታችኛው ዳኛ ሁለት ማጣሪያ ሲኖር ለበላዩ የቀረው አንድ፣ እሱም የምክር ቤቱ ክርክር ነው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 ዓ.ም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙም፣ በጥር 2015 ዓ.ም እሳቸውና ምክትላቸው ለቀው አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ሲተኩም መንገዱ ይኸው ነበር፤ በ2015ቱ መልቀቂያውም አዲሱ ሹመትም በአንድ ቀን ስብሰባ አለቀ። የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ጥቂት አስተያየት ይሰጣል፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ይቆጠራል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ለዋና ዳኛነት የሚወዳደሩት የዳኞች አገልግሎት ኮሚሽን ፊት በአደባባይ፣ በቴሌቪዥን እየታዩ ይጠየቃሉ፤ ቀድሞ የጻፉት ፍርድ እየተጠቀሰ መልስ ይፈለግባቸዋል። ደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷን ዳኞች ቁጥር እንደኛው ጉባኤ 11 አድርጋለች፤ እዚያ ግን ቢያንስ አራቱ ሲሾሙ ዳኛ የነበሩ መሆን አለባቸው።

በሹመቱ ቀን እናንተ የጠየቃችሁት ምን ነበር? «የማን ልጅ ነው? የየት አገር ሰው ነው?» አፍ አውጥታችሁ ሌላ አልጠየቃችሁም። በቡና ላይ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በዕድር ድንኳን የተነሳው ይኸው ብቻ ነበር። ያሳዝናል። የወገናችሁ ሰው ቢሆን ደስ ብሏችሁ ዝም ልትሉ፣ ባይሆን አኩርፋችሁ ዝም ልትሉ! በሁለቱም መንገድ ዝም አላችሁ። «በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያለው አባታችሁ ዳኛውን በዘር አልመዘነም።

ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት ይሄ፦ የሰበር ሰሚ ችሎት የመጨረሻ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ አቤቱታ ሲቀርብ፣ አቤቱታውን የሚያጣራው ጉባኤ ሰብሳቢና ምክትል ሰብሳቢ የዚያው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ናቸው። ይህ የማንም ግለሰብ ጥፋት አይደለም፤ አወቃቀሩ ነው። እንግዲያው ዕጩው ወይም ዕጩዋ ራሳቸው በተሰየሙበት ፋይል ላይ ከወንበራቸው እንደሚነሱ በምክር ቤቱ ፊት ሊጠየቁ ይገባል። በዳኝነት ወይም በጥብቅና ስንት ዓመት እንዳገለገሉ፣ የፓርቲ አባል መሆን አለመሆናቸው፣ በመንግሥት ላይ የፈረዱበት ፍርድ መኖር አለመኖሩ ይጠየቅ። የመረጣችሁት ተወካይ ስልክ አለው፤ የሕግና የፍትሕ ጉዳዮችን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴም አለ። በደብዳቤ ጠይቁ፤ የገቢ ማኅተም አስመቱበት። በሸገር ከተማ በኩል ያላችሁ ደግሞ የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ መሆኑን አትርሱ፤ ክልሉ ለራሱ ሕገ መንግሥት የራሱ ተርጓሚ ኮሚሽን አለው። ለመረጣችሁት የጨፌ አባልም ይኸው ጥያቄ ይድረሰው።

ፋይላችሁስ? እዚህ ላይ ዝርዝሩን ስሙ። መጀመሪያ የትኛው ፍርድ ቤት ደጅ እንደምትቆሙ እወቁ። ከወሰኑ ወዲህ በአዲስ አበባ በኩል ያለው ቤት በፌዴራል ወይም በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት፣ ከወሰኑ ወዲያ ያለው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ዓመት ከርማችሁ ፋይሉ ሲዘጋ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ ይቆጠርባችኋል። የመሬት ማስለቀቅና የካሳ ጉዳይ ከፍርድ ቤት በፊት አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለው፤ እነሱን የዘለለ ይመለሳል። ሰበር አቤቱታ የመጨረሻው ውሳኔ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ 3 ዳኞች «ያስቀርባል» (ክርክሩ ሊሰማ ይገባዋል) ካሉ 5 ዳኞች ያዩታል። ሰበርም ቢሆን መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እንጂ የምስክር ቃል ምዘናን አይመለከትም።

ወደ አጣሪ ጉባኤው የሚያደርሰው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 798/2005 ተዘርግቷል። በፍርድ ቤት እየታየ ባለ ጉዳይ ላይ የትርጉም ጥያቄ ከተነሳ መጀመሪያ ለዚያው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ጭብጡን ብቻ ለይቶ ይልካል፣ ካልተቀበለ ባለጉዳዩ ወደ ጉባኤው ይሄዳል። በባለሥልጣን ወይም በመንግሥት አካል ውሳኔ መብቴ ተጣሰ የሚል ደግሞ የመጨረሻ ውሳኔ መያዝ አለበት፤ ይግባኝ የሚባልበት ደጅ ሳይዘጋ መምጣት ትርፉ ድካም ነው። በየደረጃው የተሰጠውን ውሳኔ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ አያይዙ። አንቀጹን ጥቀሱ፦ ያለ አግባብ የተፈናቀለ አርሶ አደር አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 4ን፣ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ያልተከፈለው ባለቤት ንዑስ አንቀጽ 8ን። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸም አያቆምም፤ የእግድ ጥያቄ ለብቻው መነሳት አለበት። ማፍረሻ ማሽን ደጃችሁ ከቆመ በኋላ ይህን መማር ይመራል።

የተሳካላቸው ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። በ1996 ዓ.ም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በወሰነው አንድ ጉዳይ አመልካቾቹ ስለ ድርሻቸው ማነስ አላለቀሱም፤ ፈቃዳችንን ሳንሰጥ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኘን አይችልም ብለው አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ን አነሱ፣ ረቱም። ምክር ቤቱ የሰጠው ትርጉም ለተመሳሳይ ጉዳይ ሁሉ ያገለግላል፤ ያ የጥቂት ሰዎች ክርክር ዛሬ የእናንተም መከታ ነው። በአንጻሩ በ1997 ዓ.ም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍ ሲከለከል ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ያቀረበውን ክስ ፍርድ ቤቱ ለጉባኤው መርቶት፣ ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ መለሰው። እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው ባለጉዳይ በአንቀጽ 84 መሠረት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የጊዜ ገደቡ ግን ውሳኔው እጃችሁ በገባበት ቀን መሮጥ ይጀምራልና፣ ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ በማግስቱ ፈቃድ ካለው ጠበቃ ጋር ተቀመጡ።