የተረፈው 5040 ብር

ገንዘብ ሲጎድል ሰው ይስማማል። «በቃ እናዋጣ!» ይባላል፣ ያልቃል። ጉዱ የሚመጣው ሲተርፍ ነው።

ጅማ፣ ኸርማታ አካባቢ ያለን ጎረቤታሞች ለአንድ ሠርግ አዋጥተን 5040 ብር ተረፈ። ለማካፈል ቡና ላይ ተሰበሰብን። 12 አባወራ ነን። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉን፤ ቁጥሩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ይኼ እኮ የዋዛ ቁጥር አይደለም! ከ1 እስከ 10 ላለ ቁጥር ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለ12ም እንዲሁ። ከ1 እስከ 7 ያሉትን ብታባዙ እሱው ነው። 60 አካፋይ አለው፤ ከሱ በታች ካሉት ይህን ያህል ያለው የለም።»

ፕላቶም «ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ በሐሳቡ ለቆረቆራት ከተማ 5040 ባለርስት የመረጠው ለዚሁ ነው አሉን። ለድልድል ይመቻላ! ፕላቶ የኛን ሰፈር አያውቅም እንጂ።

ለ12 ሲካፈል 420 ብር ይደርሰናል። ልንቀበል እጃችንን ስንዘረጋ አንዱ፣ «አጋሮ የገቡትም ይቆጠራሉ እንዴ?» አለ። ሰው ለራሱ 38 ብር ሊያስጨምር ብሎ ጎረቤቱን ከሰፈር ይሰርዛል? ይሰርዛል። 11 ሆንን።

ከ1 እስከ 12 ካሉት ውስጥ ደግሞ 5040ን እምቢ የሚለው 11 ብቻ ነው። 458 ብር ደርሶን 2 ብር ተረፈ። ፕላቶም 11 ላይ ሲደርስ ሁለት ቤተሰብ ቀነስ አድርጎ ነው ያለፈው። እኛ ግን መቀነሱን ችለን ማን እንደሚወስደው አቃተን።

አቦሉ ወርዶ ቶናው ሲቀዳ የኔ ቢጤ በደጅ አለፈ። ሰብሳቢው ከብሩ ላይ አንዷን አንስተው መጸወቱ። መምህሩ ራሳቸውን ያዙ።

«ምን አደረጉ ጋሼ! 5039 ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም!»

«እንግዲህ ካልተካፈለ፣» አሉ ሰብሳቢው ረጋ ብለው፣ «ለአንድ ሰው ይሁና። እኔ ልያዘው።»

ባለ ሦስት እግር በርጩማዎቹ ሁሉ ባዶ ቀሩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚጮኸው። አንድ ጎረምሳ ነገር ሊያበርድ ብሎ ከኪሱ 2 ብር ጨመረ። መምህሩ አጨበጨቡ።

«5041! 71 በ71! 71 ሰው ብንሆን 71 ብር ይደርሰን ነበር።»

«71 ሰው ከየት ይምጣ?»

«ሠርጉ ላይ ሲበላ ያየሁት ከዚያ ይበልጣል፣» አሉ እትዬ፣ ረከቦቱን እያስጠጉ።

ጎረምሳው ብሩን መለሰ፤ ሰብሳቢውም እየከበዳቸው አንዷን ተኩ። ድርሻችንን ወሰድን። የሁለቱ ብር ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለሚመጣው እሑድ ተቀጠረ። የዕለቱን ቡናና ስኳር ማን እንደሚችል ግን ገና አልተስማማንም።