እርማት፦ ተነሳሽነት የግድ ከሥራ አይቀድምም
«ፕሮጀክቱን ያልጨረስኩት ተነሳሽነት ስላጣሁ ነው፤ ስሜቱ ሲመለስ እጨርሰዋለሁ» ላሉት ወዳጄ፦ ብዙዎቻችን እንዲህ እናምናለን፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሥራው ከተነካ በኋላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሥራቸውን በመሃል እንዲያቋርጡ የተደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ ማንም ሳያዛቸው ወደዚያው ተመልሰዋል። የተጀመረ ነገር ይጎትታል።

እኔን ሪፖርት ስጽፍ የሚከብደኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ስለዚህ ማታ ኮምፒውተሩን ከመዝጋቴ በፊት አንዱን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ሳልቋጨው እተወዋለሁ። ጠዋት የጎደሉትን ሁለት ሦስት ቃላት ስሞላ ቀጣዩ አንቀጽ ይከተላል። እባክዎ ስሜቱን አይጠብቁ፤ ፋይሉን ዛሬ ይክፈቱና አንድ መስመር ብቻ ይጨምሩበት።