«መጣ! ሄደ!»

አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ዲሽ ያዞራል፤ ግቢ ውስጥ አምስት ሰው ያዘዋል። ከሳሎን «መጣ!» ሲባል ዲሹ አልፎት ሄዷል፤ ሪሲቨሩ ሲግናል ይዞ ኳሊቲውን (የሲግናሉን ጥራት) እስኪያሳይ ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታላ። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት ዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ መነቃነቁ ነው። ነካ አድርጎ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ፣ ደግሞ ነካ ነው እንጂ መዘወር አይደለም። ማን ይቆጥራል?

ደግሞ አለላችሁ፣ «ስትሬንግዝ 90 ገባ!» ብሎ የሚያጨበጭብ። ስትሬንግዝ (የሲግናል ጉልበት የሚባለው) እኮ ኬብሉ ተሰክቶ ኤል ኤን ቢው፣ ዲሹ ፊት ያለችው መቀበያ፣ ኃይል ካገኘ ዲሹ የጎረቤት ግንብ ቢያይም ይነሣል። ሥዕል የሚያመጣው ኳሊቲ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶች ዲሽ አላዩም። ሰማዩ ለሳተላይት ተሸንሽኖ አልቋል፤ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ። እዚህ ምድር ላይ ለአንዲት ካርታ ስንት ቢሮ ደጅ ይጠናል፤ እዚያ ላይ ወሰን የገፋ ጎረቤት የለም። ስለ ንጉሡ የተባለውን አልነካውም።

ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የሚያዞሩ ብዙዎች ታዲያ ዲሹን ወደ ምሥራቅ ብቻ መልሰው እስኪመሽ ይፈልጋሉ። ለአዲስ አበባ ናይልሳት ወደ 37 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው፤ ኢትዮሳት ግን 66። አቅጣጫው በኮምፓስ ወደ 115፣ ማለትም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ነው። ዲሹ በዓይን ሲያዩት ያን ያህል ቀና ያለ አይመስልም፤ የማሰሪያው ቁጥር ይታመናል። ቁጥሩ እውነት የሚናገረው ደግሞ ምሰሶው በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነው።

ቀጥ ብሎ የቆመውን ምሰሶ ማግስቱን እርጥብ ብርድ ልብስ ይሰጣበታል! ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «ዲሹ ተበላሸ።» ባለሙያው በክረምት፣ በሚያንሸራትት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ሲመልሰው «የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ይህን ሁሉ ትጠይቃለህ?» ይባላል። ሁለት ደቂቃ ከሆነ መሰላሉ ያው፣ ይውጡ!

ለማንኛውም፣ ሪሲቨሩ ላይ የኢትዮሳትን 11105 ኤች 45000 (ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽን፣ ሲምቦል ሬት) ሞልተው ኳሊቲው ሲነሣ ብሎኑን አንዱን ብቻ ጨርሰው አያጥብቁ፤ ዲሹን ይስበዋል። ግራ ቀኙን እያፈራረቁ፣ ኳሊቲውን እያስነበቡ ነው። አንባቢው አንድ ሰው ይሁን። የቀረው ቡና ያፍላ።